ድሜጥሮስ፥ ዕለታትን የቈጠረው ገበሬ

ዛሬ ምን ቀን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ትናንት ምን ቀን እንደ ነበረ፥ ነገም ምን ቀን እንደሚሆን ሕፃን እንኳ ይናገራል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት ያለፈውን ወይም ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን አንድ ቀን ጠርቶ፥ ያ ቀን ሰኞ ነው ወይስ ዓርብ ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ መልስ የሚሰጠው ሰው ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ከተማ፥ በአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ቢጠይቅ ግን ወረቀት ሳይገልጥ፥ ጣቱን ብቻ እያጠፈና እየዘረጋ ቈጥሮ የሚነግረው ሊቅ አያጣም። ይህ ዕውቀት ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ሊቃውንቱም ይህን ትምህርት ማን አገኘው ተብለው በተጠየቁ ጊዜ የአንድ ሰው ስም ይጠራሉ፤ እርሱም የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ድሜጥሮስ ነው።

ድሜጥሮስ በግብፅ አገር የሚኖር ገበሬ ነበረ። በዚያን ዘመን እስክንድርያ በባሕር ዳር የተሠራች፥ ከሮሜ በቀር የሚተካከላት ያልነበረ ታላቅ ከተማ ነበረች። መርከቦች ስንዴ ጭነው ይወጡባት ነበር፤ መጻሕፍትና የመጻሕፍት መምህራንም ሞልተውባት ነበር። በጥሊሞስ የተባለው የከዋክብት መርማሪ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ አካሄድ ታላቁን መጽሐፉን የጻፈው በዚያች ከተማ ተቀምጦ ነው። የስንክሳሩን ቍጥር ተከትለን ብንሰላ፥ ያን ጊዜ ድሜጥሮስ ገና ጐልማሳ ነበረ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ጥበብ አንዳች አልደረሰውም። የወይኑን ሐረግ ይገርዝ፥ መሬቱን ይኰተኵት፥ ፍሬው በደረሰ ጊዜም ይለቅም ነበር እንጂ ፊደል አልቈጠረም። ማንበብም መጻፍም አያውቅም ነበር።

ስንክሳር እንደሚነግረን፥ በ15 ዓመቱ ወላጆቹ ወላጅ አልባ የሆነችውን፥ በቤታቸው ያሳደጓትን ዘመዱን አጋቡት። ሁለቱም የወላጆቻቸውን ትእዛዝ አክብረው ተጋቡ፤ ነገር ግን እንደ ወንድምና እንደ እኅት ሆነው ለመኖር በስውር ተስማሙና 47 ዓመት እንዲሁ ኖሩ። ይህንንም ከእነርሱ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በእስክንድርያ መንበር የተቀመጠው ዐሥራ አንደኛው ሊቀ ጳጳሳት ዩልያኖስ ነበረ። ዩልያኖስ ታሞ ለሞት በቀረበ ጊዜ፥ ነገ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው ከአንተ በኋላ የሚሾመው ነው የሚል ራእይ አየ። በዚያውም ሰሞን ድሜጥሮስ ወደ ወይን ቦታው ወረደ። ወሩ ወይን የሚያፈራበት ወር አልነበረም፤ ቅጠሉም ረግፎ ነበር። በአንዱ ሐረግ ላይ ግን የበሰለ ዘለላ አገኘና እጅግ ተደነቀ። ይህንስ እኔ ልበላው አይገባኝም ብሎ አሰበ፤ ቈርጦም በረከት ይቀበልበት ዘንድ ወደ ሊቀ ጳጳሳቱ ይዞት ሄደ። በዩልያኖስ አልጋ ዙሪያ የተሰበሰቡትም አዩት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ189 ዓ.ም. ይህ የወይን ገበሬ በማርቆስ መንበር ላይ ዐሥራ ሁለተኛው ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ። ከጋብቻው በፊት የነበረውን 15 ዓመትና በጋብቻ የኖረውን 47 ዓመት ብንደምር፥ የተሾመው በ62 ዓመቱ መሆኑ ነው።

የከተማው ሰዎች ግን ደስ አላላቸውም። እንዴት አይሆንም! የፈላስፎች አገር በሆነች በእስክንድርያ፥ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው በሊቃውንት ላይ አለቃ ሆኖ መጣ። ከዚህም በላይ ሚስት ያለችው ሊቀ ጳጳሳት እንዴት ይሾምብናል እያሉ አጕረመረሙ። ድሜጥሮስ ይህን ሲሰማ ብዙ ቀን ታገሠ። በኋላ ግን የሕዝቡ ልብ እንዳይሰናከል ብሎ አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን እንዲቈይ አዘዘ። እሳትም አስነደደና ፍሙን በእጁ ዘግኖ በልብሱ ውስጥ አደረገ፤ በሚስቱም መጐናጸፊያ ውስጥ ጨመረ። ሁለቱም ፍሙን ይዘው በሕዝቡ መካከል ሲመላለሱ ልብሳቸው አልተቃጠለም ይላል ስንክሳሩ። ከዚህ በኋላ ምሥጢራቸውን ገለጠላቸው፤ ያሙትም ሰዎች ይቅርታ ለመኑት።

ስለ ሚስቱ ሐሜቱ እንዲህ ቀረ። ስለ መሃይምነቱ የታማው ግን በእሳት የሚጠፋ አልነበረም። ስለዚህ ድሜጥሮስ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ይኸውም መማር ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ ፊደል መቍጠር ምን ያህል እንደሚከብድ፥ በልጅነቱ የተማረ ሰው አይገምተውም። ዐይን ይደክማል፤ ያጠኑት ሲነጋ ይጠፋል፤ ከሁሉም ይልቅ በልጆች ፊት መሳሳት ያሳፍራል። ድሜጥሮስ ግን በዚያ ዕድሜው መጻሕፍትን እስከ መመርመርና እስከ ማስተማር ደረሰ። ስንክሳሩ ጸጋ ተሰጠው ይላል፤ ትምህርት ያለ ድካም ደግሞ ለማንም አልተሰጠም።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ የነበረው የክርስቲያኖች ጭንቅ ምን እንደ ነበረ እንናገር። የአይሁድ ፋሲካ የሚውለው በጨረቃ ቍጥር ነው፤ ጨረቃ በወጣች በ14ኛው ቀን ይከበራል፤ ዕለቱም ማክሰኞ ወይም ኀሙስ ቢሆን አይገድም። ክርስቶስ የተነሣው ግን በእሑድ ነው። ስለዚህ በእስያ የነበሩት ክርስቲያኖች በ14ኛው ቀን ጾማቸውን ሲፈቱ፥ በሮሜና በእስክንድርያ የነበሩት እሑድ እስኪደርስ ይጾሙ ነበር። ከእስያ ተነሥቶ ወደ ሮሜ የመጣ ነጋዴ፥ ወንድሞቹ በኀዘንና በጾም ሳሉ እርሱ የትንሣኤን ሥጋ በልቶ ሲመጣ ምን ያህል ክርክር ይነሣ እንደ ነበረ ማሰብ አያስቸግርም። ክርክሩም እየበረታ ሄዶ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ190 ዓ.ም. ገደማ የሮሜው ኤጲስ ቆጶስ ፊቅጦር የእስያን ክርስቲያኖች ከአንድነት ሊለይ እስከ መነሣት ደረሰ። ይህም የሆነው ድሜጥሮስ በተሾመ ጊዜ ገደማ ነው። የፍልስጥኤም ኤጲስ ቆጶሳት በዚያን ጊዜ በጻፉት መልእክት፥ እነርሱና የእስክንድርያ ሰዎች በዓሉን በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ደብዳቤ ይላላኩ እንደ ነበረ ተመዝግቧል።

ደብዳቤ መላላክ ግን በየዓመቱ ነው፤ መርከብ ቢዘገይ ወይም መልእክተኛ ቢሞት በዓሉ ይፈርሳል። የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ካህን በገዛ አገሩ ተቀምጦ፥ ማንንም ሳይጠይቅ ቈጥሮ የሚያገኘው ሥርዓት ነበረ። የአገራችን ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፥ የድሜጥሮስ ምኞት ይህ ነበረ። የነነዌ ጾምና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፥ ደብረ ዘይትና ሆሣዕና ከእሑድ፥ ስቅለት ከዓርብ፥ ትንሣኤ ከእሑድ፥ ዕርገት ከኀሙስ፥ ጰራቅሊጦስ ከእሑድ እንዳይወጡ ወደደ። ሱባኤም ገባ፤ በሌሊት 23 ሱባኤ፥ በቀን 7 ሱባኤ ቈጠረ ይባላል። አንድ ሱባኤ 7 ቀን ነው። 23 ጊዜ 7 መሆኑ 161 ነው፤ ከዚህ ሠላሳ ሠላሳውን ብንገድፍ 11 ይቀራል፤ ይህም አበቅቴ ተባለ። 7 ጊዜ 7 መሆኑ 49 ነው፤ ሠላሳውን ብንገድፍ 19 ይቀራል፤ ይህም መጥቅዕ ተባለ። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ።

አበቅቴንና መጥቅዕን በቃሉ የሚያወርድ ተማሪ ብዙ ነው፤ ይህ 11 በሰማይ ከምን ጋር እንደሚገጥም በተጠየቀ ጊዜ ግን ብዙው ዝም ይላል። ነገሩ ቀላል ነው። ፀሐይ ዓመቷን በ365 ቀን ትፈጽማለች። ጨረቃ ግን ዐሥራ ሁለት ጊዜ ወጥታ እስክትጨርስ 354 ቀን ይሆናታል። 354ን ከ365 ብንቀንስ 11 ይቀራል። ጨረቃ በየዓመቱ ፀሐይን በ11 ቀን ትቀድማታለች ማለት ነው። ሁለቱ እንደ ገና ተካክለው የሚገናኙት በ19 ዓመት ነው፤ ይህንም የግሪክ ሰው ሜጦን ከክርስቶስ ልደት 432 ዓመት በፊት በአቴና አስታውቆት ነበር።

የዛሬ የታሪክ መርማሪዎች ደግሞ ባሕረ ሐሳብ በሙሉ በአንድ ሰው ዘመን የተፈጸመ እንዳልሆነ ይናገራሉ። በ19 ዓመት የሚዞረውን የፋሲካ ቍጥር ያቀናው፥ ከድሜጥሮስ በኋላ የተነሣው የእስክንድርያው ተወላጅ አናቶልዮስ ነው። በ532 ዓመት የሚዞረውን ታላቁን ቀመር ያደራጀው ደግሞ አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኵሴ ነው። ይህን ማወቅ ለድሜጥሮስ ክብሩን አያሳንስበትም፤ ቤት የሚሠራው መሠረት የጣለው፥ ግድግዳ ያቆመውና ጣራ የከደነው በአንድነት ነው። በቤቱ የሚጠራው ግን አባወራው ነው።

አሁን ቍጥሩን እንሞክረው። ለምሳሌም የአራዳ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ቀን እንውሰድ። በአራዳ፥ በጣልያን ወረራ ዘመን ፒያሳ የሚል ስም በወጣለት ሰፈር፥ ስምንት ማዕዘን ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ሕንፃ ያሠሩት ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ። ቀኑ የጊዮርጊስ ቀን መሆኑን 23 የሚለው ቍጥር ራሱ ይናገራል። ዕለቱ ግን ምን ነበረ?

በመጀመሪያ ዓመተ ዓለሙን እንፈልግ። እንደ ሊቃውንቱ ቍጥር ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። 5500ና 1888 ሲደመር 7388 ይሆናል። ይህን ለ4 እንካፈለው፤ 1847 ይደርሳል፥ ምንም አይተርፍም። አንድ ሲተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ፥ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፥ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 1888 ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። የደረሰው 1847 ደግሞ መጠነ ራብዒት ይባላል።

ቀጥሎ 7388ንና 1847ን እንደምር፤ 9235 ይሆናል። ይህን በ7 እንግደፈው፤ 1319 ጊዜ ሰባት ወጥቶ 2 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ መስከረም አንድ ቀን ማክሰኞ ይውላል፤ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፥ 3 ኀሙስ፥ 4 ዓርብ፥ 5 ቅዳሜ፥ 6 እሑድ፥ ምንም ባይተርፍ ሰኞ ነው። ለእኛ 2 ስለ ተረፈ፥ መስከረም 1 ቀን 1888 ዓ.ም. ረቡዕ ነበረ።

መጠነ ራብዒትን መደመር ለምን አስፈለገ? አንድ ዓመት 52 ሳምንትና አንድ ቀን ነው፤ ስለዚህ ዕንቍጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን ወደ ፊት ይሄዳል። ዘንድሮ ሰኞ ቢውል ለሚመጣው ዓመት ማክሰኞ ይውላል። ነገር ግን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በዘመነ ሉቃስ ጳጕሜን 6 ትሆናለች፤ ያን ጊዜ ዕንቍጣጣሽ ሁለት ቀን ይዘላል። ዓመቱን ራሱን መደመራችን በየዓመቱ ስላለፈው አንድ አንድ ቀን ነው፤ አራተኛውን እጅ መደመራችን ስለ ጳጕሜን ስድስተኛ ቀን ነው። ከዚህ የተሠወረ ሌላ አስማት የለበትም።

ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ናቸው፤ 30 ደግሞ አራት ሳምንትና 2 ቀን ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ወር መባቻ ካለፈው ወር መባቻ ሁለት ቀን ይገፋል። መስከረም 1 ረቡዕ ከሆነ፥ ጥቅምት 1 ዓርብ፥ ኅዳር 1 እሑድ፥ ታኅሣሥ 1 ማክሰኞ፥ ጥር 1 ኀሙስ፥ የካቲት 1 ቅዳሜ ይሆናል። የካቲት 1 ቅዳሜ ከሆነ 8፥ 15ና 22 ቅዳሜ ናቸው። ከ22 ቀጥሎ 23 ነው። የዐድዋ ጦርነት የሆነው እሑድ ነበረ።

ይህን ሲያገኝ ልቡ የማይደሰት ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ወደ ዐድዋ ከዘመቱት ዛሬ በሕይወት ያለ አንድም የለም፤ ቍጥሩ ግን እንደ ምስክር ቆሞ ቀኑን ይናገራል። አውሮፓውያንም በራሳቸው አቈጣጠር ያን ቀን እሑድ ብለው ጽፈውታል።

ነገሩን ጥቂት እናርዝመው። ያን ጊዜ ጾም ገብቶ ነበርን? 7388ን በ19 እንግደፍ፤ 16 ይተርፋል። ገና ያልተፈጸመው ዓመት ስለማይቈጠር አንድ እናጕድልለት፤ 15 ይቀራል፥ ይህም ወንበር ይባላል። 15 ጊዜ 11 ማለት 165 ነው፤ በ30 ቢገደፍ 15 ይተርፋል፤ የዓመቱ አበቅቴ 15 ነው። 15 ጊዜ 19 ማለት 285 ነው፤ በ30 ቢገደፍ እርሱም 15 ይተርፋል፤ የዓመቱ መጥቅዕ 15 ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ሆነዋልና ስሌታችን አልሳተም። መጥቅዕ ከ14 በላይ ሲሆን በመስከረም ይውላል፥ ከ14 በታች ሲሆን በጥቅምት ይውላል። ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 15 ነበረ፤ መስከረም 1 ረቡዕ ስለ ነበረ 15ም ረቡዕ ነው።

እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል ቍጥር አለው፤ የቅዳሜ 8፥ የእሑድ 7፥ የሰኞ 6፥ የማክሰኞ 5፥ የረቡዕ 4፥ የኀሙስ 3፥ የዓርብ 2 ነው። የረቡዕን 4 በመጥቅዕ 15 ላይ ብንጨምር 19 ይሆናል፤ ይህም መባጃ ሐመር ይባላል። መጥቅዕ በመስከረም ስለ ዋለ፥ የነነዌ ጾም ጥር 19 ቀን ገባ። ጥር 1 ኀሙስ ነበረ፤ 15ም ኀሙስ ነው፤ ከኀሙስ አራት ቀን ብንቈጥር ሰኞ እንደርሳለን። የተውሳክ ሥራ ይህ ነው፤ ዕለቱ ከየትም ቢነሣ እየገፋ ወደ ሰኞ ያደርሰዋል። ድሜጥሮስ የተመኘው አልቀረም።

ዐቢይ ጾም ከነነዌ በኋላ በ14ኛው ቀን ይገባል፤ ስለዚህ የካቲት 3 ቀን ሰኞ ገባ። ትንሣኤ ከነነዌ በ69 ቀን ነው፤ መጋቢት 28 ቀን እሑድ ዋለ። እንግዲህ የካቲት 23 ጾሙ ከገባ 21ኛው ቀን ነበረ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት ተራራ ሲወጣና ሲወርድ የነበረው በዐቢይ ጾም ወራት ነው። የታሪክ መጽሐፍ ስለ ነፍጡና ስለ መድፉ ብዙ ይነግረናል፤ ይህን ግን ቍጥሩ ነገረን።

ወደ ድሜጥሮስ ታሪክ እንመለስ። ስንክሳሩ እንደሚለው፥ ቍጥሩን አዘጋጅቶ ወደ ሮሜ፥ ወደ አንጾኪያና ወደ ኢየሩሳሌም አባቶች ላከ፤ እነርሱም አይተው ተቀበሉት። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ ብለው ያሙት ሰው የላከው ቍጥር በትልልቆቹ መናብርት ተነበበ። የክርስቲያኖች ክርክር ግን በአንድ ጊዜ አልጸጥ አለም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ በተሰበሰቡ ጊዜ የፋሲካ ነገር እንደ ገና ተነሥቶ፥ ሁሉም በእሑድ እንዲያከብሩ ተወሰነ።

የድሜጥሮስ የሹመት ዘመን የሰላም ዘመን ብቻ አልነበረም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ202 ዓ.ም. በሮሜ ንጉሥ በሳዊሮስ ዘመን በእስክንድርያ ስደት ተነሣ። ከሞቱት ሰዎች አንዱ ሌዎንድዮስ የሚባል የሰባት ልጆች አባት ነበረ። የበኵር ልጁ ኦሪገን ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበረ፤ አባቱን ተከትሎ ለመሞት ሲነሣ እናቱ ልብሱን ሸሽጋ አስቀረችው ይባላል። ኦሪገን እጅግ ብልህ ነበረና፥ መምህራኑ ከስደት የተነሣ በተበተኑ ጊዜ ድሜጥሮስ በ18 ዓመቱ የእስክንድርያ ትምህርት ቤት አለቃ አድርጎ ሾመው። በስድሳ ዓመቱ የተማረው ሰው በዐሥራ ስምንት ዓመቱ የሚያስተምረውን ማወቁ፥ አስተዋይነቱን ያሳያል።

ነገር ግን የሁለቱ ፍቅር እስከ መጨረሻ አልዘለቀም። የኦሪገን ስም በሩቅ አገር በተሰማ ጊዜ፥ የፍልስጥኤም ኤጲስ ቆጶሳት ክህነት ሳይኖረው በቤተ ክርስቲያን እንዲሰብክ ፈቀዱለት፤ ድሜጥሮስ ይህ ሥርዓት አይደለም ብሎ መልሶ ጠራው። በኋላም በ230 ዓ.ም. ገደማ እነዚያው ኤጲስ ቆጶሳት ያለ እርሱ ፈቃድ ኦሪገንን ቅስና ሾሙት። ድሜጥሮስ ጉባኤ ሰብስቦ አወገዘውና ከእስክንድርያ አስወጣው፤ ኦሪገንም በቂሣርያ ተቀምጦ ትምህርት ቤት አቆመ። የእስክንድርያ አባቶች ድሜጥሮስ ሥርዓትን ስለ ጠበቀ ያመሰግኑታል። ሌሎች ጸሐፊዎች ደግሞ የተማሪው ክብር ሽማግሌውን ሳያስከፋው አልቀረም ይላሉ። ለእኔ የሚያሳዝነኝ፥ ሁለት እንደዚህ ያሉ ሰዎች በአንድ ከተማ ኖረው፥ ሽማግሌው ሊሞት ጥቂት ጊዜ ሲቀረው መለያየታቸው ነው።

ድሜጥሮስ ከሸመገለ በኋላ እንኳ ማስተማሩን አልተወም። እግሩ መሄድ በተሳነው ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጡት ነበር፤ በዚያም ሆኖ ከጧት እስከ ማታ ሕዝቡን ያስተምር ነበር። በመንበሩ 43 ዓመት ተቀመጠ። 15ና 47ና 43 ሲደመር 105 ይሆናል፤ ስንክሳሩ የሕይወቱን ዘመን በዚህ ቍጥር ይፈጽመዋል።

ቍጥሩ ግን ከግብፅ ወጥቶ ወደ አገራችን ገባ፤ በግእዝም ተጻፈ፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ እስከ ዛሬ ኖረ። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በአብያተ ክርስቲያናት የዓመቱ ወንጌላዊ፥ አበቅቴው፥ መጥቅዑ፥ ጾሙና በዓሉ ለሕዝብ ይታወጃል። ጥንት በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ታላቁ ገበያ ይቆም በነበረ ጊዜ፥ ከሩቅ አገር እህልና ቅቤ ጭኖ የሚመጣው ገበሬ ካላንደር አልነበረውም። ጾሙ የሚገባበትን ቀን ከካህኑ ሰምቶ፥ ቅቤውን መቼ እንደሚሸጥ፥ ሽምብራውን መቼ እንደሚያወጣ ያውቅ ነበር። ቀኑን የሳተ ሰው በሁዳዴ ዋዜማ ቅቤ ይዞ ሳይሆን በሁዳዴ ማግስት ቅቤ ይዞ ይገኛል፤ የሚገዛውም የለም።

በዚያው በአራዳ ጊዮርጊስ ሁለት ነገሥታት ዘውድ ጭነዋል። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ነገሡ፤ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነገሡ። የሁለተኛውን ዕለት በአጭሩ እናውጣው። 5500ና 1923 ሲደመር 7423 ነው። በ4 ብንካፈል 1855 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ዘመኑ ሉቃስ ነው። 7423ና 1855 ሲደመር 9278 ነው፤ በ7 ቢገደፍ 3 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ኀሙስ ነበረ፤ ጥቅምት 1 ቅዳሜ ነው፤ ጥቅምት 22ም ቅዳሜ ነው፤ 23 እሑድ ነው። በዋዜማው በዚያ ቅዳሜ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለው በፈረስ ላይ የተቀመጠው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ተመረቀ። የንግሥት ዘውዲቱን ዕለት ለተማሪው ትተነዋል፤ በ7 ሲገደፍ ምንም እንደማይተርፍ ብቻ እንነግረዋለን።

የድሜጥሮስን ዕረፍት ስንክሳር የሚያነበው ጥቅምት 12 ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በነገሡበት በ1923 ዓ.ም. ይህ በዓል ከዘውዱ በዓል 11 ቀን ቀድሞ ዋለ፤ ዕለቱን በጣት ቈጥሮ ማግኘት ይቻላል።